ከድንጋዩ ግንድ እስከ አሱር ሰላት

ጎህ ሳይቀድ፣ ሀይሌ ጋርመንት

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በረሃ ነው የምንወርደው ብዬ ስስ ሸሚዝ ለብሼ መውጣቴ የራሴ ጥፋት ነው። የመንገዱ መብራት ግማሹ በርቶ ግማሹ ጠፍቷል። የቀን ሠራተኞች አካፋቸውን ተደግፈው የሚወስዳቸውን መኪና ይጠብቃሉ። አንድ የታክሲ ረዳት ሰው በሌለበት መንገድ ላይ «ለቡ፣ ለቡ» እያለ ራሱን ያነቃል።

ነስሩ በአሮጌው ፒካፑ መጣና በሩን ከውስጥ ከፈተልኝ። ነስሩ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ላፍቶ ውስጥ አንድ አጥር ተጋርተን ነው ያደግነው። አሁን እዚሁ ሀይሌ ጋርመንት የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። ሰሞኑን ግን ሱቁን ታናሽ ወንድሙ ሙኒር ነው የሚይዘው፤ አባታቸው ሐጂ ሸምሱ ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ይዘዋል። ነስሩ እያጠበ፣ እያጎረሰ፣ ሌሊት እያገላበጠ ራሱም ከስቶ አንድ ፍሬ ሆኗል።

ይህን ጉዞ ያመጣሁት እኔ ነኝ። «አንድ ቀን ወጥተህ አየር ካልቀየርክ ቤታችሁ ሁለት በሽተኛ ነው የሚኖረው» ብዬ ስነዘንዘው ከረምኩ። እሱ እምቢ አለ። ትናንት ማታ ግን ሐጂ ቀና ብለው ሾርባ ጠጡ። እንጨት ወደ ድንጋይ የተለወጠበት በረሃ እንሄዳለን ስላቸው ሳቁብኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ላፍቶ ላይ ጣውላና አጠና የሸጡ ሰው ናቸው። «ስንት ዓመት እንጨት ሸጬ፣ የበሰበሰ አይቻለሁ፣ ምስጥ የበላው አይቻለሁ፤ ድንጋይ የሆነ አላየሁም። ሂድ ነስሩ፣ ቁራጩን አምጥተህ አሳየኝ» አሉ። እሱም በዚህ ተነሣ።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ደረቅ ነኝ። የጉዞ ማስታወሻ ነው የምጽፈው፤ ስለ አንድ ቦታ በጻፍኩ ቁጥር ሰው እየሄደ ይሰባብረዋል። የዚህን በረሃ ስም የማልጠራውም ለዚሁ ነው።

«አንዲት ቁራጭ ስታነሣ ካየሁህ እዚያው ጥዬህ ነው የምመጣው» አልኩት ገና ከሰፈር ሳንወጣ።

«መኪናው የኔ ነው ደሬ። በምን ልትመጣ ነው?»

እውነቱን ነው። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ መሪም ጨብጬ አላውቅም።

ፀሐይ ስትወጣ፣ መንገድ ላይ

የፍጥነት መንገዱ ጭር ብሏል። አዳማን አልፈን ወደ ምሥራቅ ስንታጠፍ የጅቡቲ ተሳቢዎች ጀመሩ። ከዚህ በኋላ ያለው መንዳት መንዳት አይደለም፣ መሸሽ ነው። ሜዳው ደርቋል። ግራርና ጥቁር ድንጋይ፣ ደግሞ ግራርና ጥቁር ድንጋይ።

አንድ ቦታ ላይ ሽንኩርት የጫነ ተሳቢ ተገልብጦ አየን። ሽንኩርቱ አስፋልቱን ሞልቶታል። ሰዎች ዳር ላይ ቆመዋል። መሬት ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ተኝቷል፤ ጋቢው ፊቱንም ሸፍኖታል።

«ኢና ሊላሂ» አለ ነስሩ። ፍጥነቱን ቀነሰ።

ስልኬን ለፎቶ ባትሪ ልቆጥብ ብዬ አጥፍቼው ነበር። የሱ ግን መሪው አጠገብ በርቷል። ከቤት የደወለ የለም። «ካልደወሉ ደህና ናቸው ማለት ነው» አልኩት፤ እሱም አምኖ ነቀነቀ።

ረፋድ፣ ቁልቁለቱ

መኪናውን መንደሩ ውስጥ ግራር ሥር አቆምን። መንገድ የሚያሳየን ቦሩ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ረጅም፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ ነገር የማያበዛ። «ውሃ ያዙ፣ ሲመለስ ነው ክፉው» አለን። ከዚያ በቀር ምክር አልሰጠንም።

ገደሉ ድንገት ነው የሚመጣው። ሜዳ ላይ እየሄድክ መሬት እግርህ ሥር ያልቃል። ግድግዳው ቀይ፣ ቡናማ፣ ከሥር ግራጫ ነው። ከታች የሚወጣው ሙቀት ገና ጠዋት ሳለ ፊት ይገርፋል። መንገዱ ፍየል የምትወጣበት ዓይነት ነው፤ ጠጠሩ ከእግር ሥር ይንሸራተታል። ግማሽ ላይ የሞተ ግመል አገኘን። ቆዳው አጥንቱ ላይ ደርቆ ቀርቷል፤ ሽታ እንኳ የለውም። ቦሩ «ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ ነው፤ ዝናብ ከቀረ ቆየ» አለና አለፈው።

ነስሩ ወደ ኋላ እየዞረ ስልኩን ያያል። ኔትወርክ የለም።

«ከፏፏቴው በላይ አንድ ጉብታ አለች። ገደሉ ውስጥ እዚያ ብቻ ይሠራል» አለው ቦሩ።

«ስንመለስ እደውላለሁ» አለ ነስሩ።

ፏፏቴው

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፏፏቴው ያሳፍራል። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ፎቶ የክረምት ነው። እኛ ያገኘነው ከገደሉ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚወርድ ቀጭን፣ ደፍረስ ያለ ውሃ ነው። ሥሩ ያለው ኩሬ አረንጓዴ ሆኗል፤ ዳሩ በጨው ነጥቷል። ዝንጀሮዎች ከላይ ተቀምጠው ይታዘቡናል። ለዚህ ነው ሌሊት የተነሣሁት ብዬ አጉረመረምኩ።

ነስሩ ግን ሸሚዙን አውልቆ ገባ። ቀጭኗ ውሃ ራሱ ላይ ስትወርድ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ወራት አልፈዋል። «ደሬ፣ ና ግባ፤ ለብ ያለ ነው» ይላል። ደስ አለኝ። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ እኔን ባይሰማ ኖሮ ዛሬም ሽንት ጨርቅ እየቀየረ ነበር።

ለአንባቢዎቼ አንድ ፎቶ ልላክ ብዬ ቦሩ ወዳላት ጉብታ ወጣሁ። ስልኬን ስከፍት መልእክት ተንጫጫ። ሁሉም ከሙኒር ነው፤ ሁሉም «ደውልልኝ» ይላል። ደወልኩ።

«ነስሩ አጠገብህ ነው?» አለ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

«የለም። ታች ውሃ ውስጥ ነው።»

«አባባ ሄደብን። እናንተ እንደወጣችሁ፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ።»

ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ያቃጥላል። ከታች የነስሩ ሳቅ ይሰማኛል።

«እንዳትነግረው» አለ ሙኒር። «የሚነዳው እሱ ነው። ይህን ሰምቶ ያን መንገድ ቢይዝ በአንድ ቀን ሁለት ጀናዛ ነው የሚሆንብን። ትንሽ አመም አድርጎታል በለውና ይዘኸው ና። ቀብሩ ከአሱር ሰላት በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ከዚያ በላይ አናቆይም ብለዋል።»

«ካልነገርኩት በምን ላስቸኩለው ሙኒር?»

«አንተ ታውቅበታለህ።»

አላውቅበትም። ግን ያ የተገለበጠ ተሳቢ ዓይኔ ላይ መጣ፤ ጋቢውም። ደግሞም መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም፤ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ወገኑ ከቦት፣ የሚይዘው እጅ እያለ ነው የሚነገረው። እንዲህ ነው ያደግነው፤ እሱም እኔም። ሰዓቴን አየሁ። አሱር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ አሁኑኑ ተነሥተን ከተጣደፍን እንደርሳለን። ከተንቀረፈፍን ነስሩ የአባቱን ፊት አያይም፣ አፈርም አያለብስም። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ግንዱ

«እንመለስ» አልኩት ወርጄ። «ግንዱን ሌላ ጊዜ እናየዋለን። ሙቀቱ እየባሰ ነው።»

«እንዴ፣ ለሱ አይደል እንዴ የመጣነው?»

ቦሩ ደግሞ በዚያች ሰዓት ብቻ ተናገረ። «እዚሁ ነው፤ ከመንገዳችን አይርቅም» አለ። ተከተልኳቸው።

ግንዱ በደረቀው የወንዝ አሸዋ ላይ ተጋድሟል። ከሩቅ ያየው ሰው ትናንት ተቆርጦ የወደቀ ዛፍ ነው የሚለው። ቅርፊቱ አለ። ቅርንጫፉ የወጣበት ዓይን አለ። በየቦታው ተሰንጥቆ ጉማጅ ጉማጅ ሆኗል፤ ዙሪያውን የተበተነው ስባሪ የፈለጡት ማገዶ ይመስላል። ግን ስትነካው ድንጋይ ነው፤ ስትመታው ይጮሃል። የተሰበረው ፊቱ ላይ የዕድሜው ቀለበቶች ቢጫና ቀይ ሆነው ይታያሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ስለሱ ብቻ ገጽ ሙሉ እጽፍ ነበር። ያን ቀን ያየሁት የነስሩን እጅ ነው።

ተንበርክኮ ስባሪ ይመርጣል። አንዱን ያነሣል፣ አገላብጦ ይጥላል። ሌላውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ያሸታል። «አባባ እንጨት የሚያውቀው በጠረኑ ነው» አለኝ። «ይኼን ሲያሸት ምን እንደሚል ባወቅኩ። ቀለበቱ በደንብ የሚታየውን ልውሰድለት፣ አለዚያ አያምነኝም።»

ፊቴን አዙሬ ውሃ ጠጣሁ።

በመጨረሻ አንዱን መረጠ። እያየሁት መሆኔን አረጋግጦ፣ በቀስታ፣ ሊያናድደኝ ፈልጎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ጠበቀኝ።

እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። «አልተቆጣህም» አለኝ።

«ውሰድ፣ ምን ችግር አለው።»

«አንተ? ምን ችግር አለው?» ተነሣ። አሸዋውን ከጉልበቱ ሳያራግፍ ወደኔ መጣ። «ጉብታው ላይ ምን ሰማህ? አባባ ነው?»

ቦሩ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። እዚያች ላይ መንገር እችል ነበር። አፌ ግን የተማረውን ተናገረ። «ትንሽ አመም አድርጓቸዋል። ክሊኒክ ወስደዋቸው ግሉኮስ ተሰክቶላቸዋል አሉ። ያው ብስራተ ገብርኤል አካባቢ የሚታከሙበት ጋ።»

እዚህ አገር «ትንሽ አመም አድርጎታል» ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ነስሩም ያውቃል። ግን ሰው ለራሱ ሲሆን አያውቅም። ዓይኔን እያየ «ግሉኮስ ከሆነ ደህና ነው አይደል?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩ።

ዳገቱ

ቦሩ እውነቱን ነው፤ ክፉው ሲመለስ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ግድግዳው ከሁለቱም ወገን ይጋግረናል። ነስሩ ከፊቴ እንደ ፍየል ይወጣል። የምጎተተው እኔ ሆንኩ። ሆዴን ይዤ ቆሜ ሳስመልስ ተመልሶ መጣና ቦርሳዬን ወሰደልኝ። አባቱ የሞተበት ሰው የኔን ቦርሳ ተሸክሞ «አይዞህ፣ ቀስ በል» ይለኛል። አፈርኩ።

አናት ላይ እንደወጣን ለሙኒር ደወለ። አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ።

«ተኝቷል፤ አሁን ቀለል ብሎታል» አለ ሙኒር። «ምንም የሚያስቸኩል የለም። ቀስ ብለህ ንዳ።»

«ማነው የሚያወራው? ሰው የበዛ ይመስላል።»

«ጠያቂ ነው።»

ነስሩ ስልኩን ዘጋና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ትከሻው ወረደ። «አልሓምዱሊላህ። አንተም እኮ ፊትህን አጥቁረህ ገደልከኝ» አለኝና ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሙኒርን በዚያች ሰዓት ጠላሁት። እኔ ልሮጥ፣ እሱ ቀስ በል ይላል። ግን የኔም ውሸት ከሱ አይሻልም።

ከቀትር በኋላ፣ አስፋልት ዳር

ነስሩ እንደተባለው ቀስ ብሎ ነዳ። ተሳቢ ሁሉ እየቀደመን ያልፋል። «ትንሽ ጠንከር አድርገው» ስለው «ጠዋት ያየነውን ረሳኸው?» አለኝ። የሱ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። አንዱ ስለ ቧንቧ መገጣጠሚያ የሚጠይቅ ደንበኛ ነበር። ነስሩ በትዕግሥት አስረዳው።

ሐብሐብ የሚሸጥበት ቦታ ደርሰን ከመስጊዱ ፊት ለፊት አቆመ። «ዙሁር ልስገድ። ትንሽ ዱዓም አደርግለታለሁ» አለ።

ምን ብዬ ላስቀረው? ጸሎት አቁም ይባላል? መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ በመስጊዱ በር በኩል ጀርባው ይታየኛል። ሌሎቹ ሰግደው ወጡ። እሱ ቀረ። እጁን ዘርግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ለሞተ ሰው ምሕረት ቢለምን አንድ ነገር ነው። እሱ ግን ጤና ነበር የሚለምነው፤ የአባቱ ዕድሜ እንዲረዝም። የመኪናው ጥላ ከጎማው ሥር ወጥቶ እየረዘመ ነው። ሁለት ጊዜ በሩን ከፈትኩ፣ ሁለት ጊዜ መልሼ ዘጋሁ።

ሲወጣ ፊቱ በርቷል። ሐብሐብ እያንኳኳ መረጠ። «በሽተኛ ቀዝቃዛ ነገር ነው የሚፈልገው» አለ።

የፍጥነት መንገዱ ላይ

ከአዳማ በኋላ ከአሁን አሁን እናገራለሁ እያልኩ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። የክፍያ ጣቢያውን አልፈን ከተማ ልንገባ ስንል ነስሩ «በቀጥታ ክሊኒኩ ነው የምሄደው፤ ቤት አልገባም» አለ። ያ ክሊኒክ በሌላ አቅጣጫ ነው። በራሴ ውሸት ሰውየውን ከአባቱ ጀናዛ እያራቅኩት ነው።

«ነስሩ፣ ዳር ያዝ» አልኩት።

«ደግሞ ሊያስመልስህ ነው?»

«ዳር ያዝ።»

ዳር ያዘ። ሞተሩን አላጠፋም። መኪኖች እያፏጩ ያልፉናል።

«ክሊኒክ የለም። ሐጂ አርፈዋል» አልኩት።

አልጮኸም። ደረቱን አልመታም። ሁለቱ እጆቹ መሪው ላይ እንዳሉ ቀሩ። «መቼ?» አለኝ።

«ጎህ ሲቀድ። እኔ የሰማሁት ፏፏቴው ጋ ነው።»

«እኔ ውሃ ውስጥ ሳለሁ።»

«አዎ።»

«ቀብሩስ?»

«ከአሱር በኋላ። አንቆይም ብለዋል።»

ሰዓቱን አየ። ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና ማርሽ አስገባ። ከዚያ ነዳ። እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም፤ ፈጣን፣ ግን ልክ፣ አንድም ጊዜ ሳይሳሳት። ከሰማ መኪናውን ይገለብጣል የተባለው ሰው ማለት ይህ ነው። ፏፏቴው ጋ ነግሬው ቢሆን ኖሮም እንዲሁ ነበር የሚነዳው፤ ይህን ለማወቅ ግን ሰዓቱ አለፈብኝ።

ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ሰልፉ አይነቃነቅም። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ቆመን ሳለ ከአንድ መስጊድ የአሱር አዛን ተሰማ። ከሌላው ደገመው፤ ከሌላው ደግሞ። ነስሩ መስኮቱን ዘጋ።

መቃብሩ በር ላይ

ስንደርስ ሰው እየወጣ ነበር። ጫማቸው አፈር ነክቶታል፤ አንዳንዱ እጁን እያራገፈ ነው። ሲያዩት መንገድ ለቀቁለት። ነስሩ ፒካፑን መሐል መንገድ ላይ እንደቆመ ትቶት ሮጠ።

ስደርስ አዲሱ አፈር ጎን ተቀምጧል። ሙኒር ትከሻውን አቅፎ ያለቅሳል። ነስሩ አያለቅስም።

«ፊቱን አየኸው?» አለ ለወንድሙ።

«አየሁት።»

«ምን ይመስል ነበር?»

«የተኛ ነው የሚመስለው። ምንም አልተለወጠም።»

ነስሩ አፈሩን በመዳፉ ደልደል አደረገው፤ ደልዳላ ነበር፣ እሱ ግን እንደገና ደለደለው። «ቢቆዩኝ ምን ነበር» አለ በቀስታ። ማንንም አላየም። «ትንሽ ቢቆዩኝ።»

በዚህ መሐል የሐጂ ታላቅ ወንድም፣ አዛውንቱ፣ በከዘራቸው እየተደገፉ ወደኔ መጡ። ቆብ አጥልቀዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። ሙኒር ነግሮኛል። ያን ሁሉ መንገድ በሆድህ ይዘህ፣ ሳታስደነግጠው በሰላም አገባህልን። ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው።»

ዙሪያውን የቆሙት «እውነት ነው» አሉ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ነስሩ አፈሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምን እንደምመልስ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«ኧረ ምንም አይደል፣ አባቴ» አልኩ።